ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን

ከመልካ ወረር ወረድ ብሎ ካለው የጥጥ እርሻ
ረቡዕ፣ መስከረም 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ያ ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አሳለፈው? ዘንድሮ ወሎ ላይ ዝናቡ ደህና ጣለ ብለው የመኪና ሰዎች ነግረውን ደስ ብሎናል። ጤፉ እንዴት ሆነልዎ? አምና ካለቁት በጎች ወዲህ አንዲት እንኳ መተካት ቻሉ ይሆን? የውባንችስ ትምህርት ቤት ተከፈተ?

ከዚህ ቀጥዬ እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ነበረብኝ። ሦስት ወረቀት የቀደድሁት እዚህ ቃል ላይ እየደረስሁ ነው። እማማ፣ ደህና አይደለንም። አስቀድሜ ግን ልብዎን ላሳርፈው፤ ልጅዎ ሀብተ ሥላሴ በሕይወት አለ። ትናንት የወሰድሁለትን ምሳ በልቶ ሰሐኑን ባዶውን መልሶልኛል። ነገር ግን ታስሯል። ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

ውባንች፣ የባለቤቴ እህት፣ ይህን ለእማማ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ ስትደርሺ ተነሺና በሩን ዝጊ። ድምፅሽንም ቀነስ አድርጊ። የቀበሌው ጸሐፊ መጥቶ ከመልካ ወረር ምን ተጻፈላችሁ ቢል የሰላምታ ደብዳቤ ነው በሉት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ምድጃ ውስጥ ጨምሩት፤ አፈር ስሆን እንዳትረሺ።

እማማ፣ በሠርጋችን ማግስት ጓዳ ውስጥ ለጎረቤትዎ ያሉትን ሰምቼዋለሁ። ልጄ ጥላዋን የምትፈራ ሴት አገባ፣ በረሃ ወርዳ እንዴት ልትኖርለት ነው ብለው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ሆዴ ውስጥ ይዤ ኖሬያለሁ። ተቀይሜዎትም ነበር፣ አልዋሽም። በየበዓሉ እናንተ ዘንድ ሐይቅ እንሂድ ሲለኝ ራሴን አመመኝ የምለው ለዚያ ነበር። ዛሬ ግን የምቀየምበት አፍ የለኝም። እርስዎ በአንድ ቀን ያዩትን እኔ ራሴ ለማየት ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

እርስዎ በልጅዎ ሥራ ሁልጊዜ ይቀልዱበታል፤ ተምሮ ተምሮ ቢምቢ የሚያሳድድ ሰው ምን ይባላል ይሉታል። ሥራችንን ካላወቁ የሆነውን አይረዱትምና ልንገርዎት። ጠዋት ጠዋት ሰው ቤት ገብተን ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ እናነጥፋለን። በር ዘግተን መድኃኒት እንረጫለን። ከዚያ አንሶላው ላይ የረገፈውን ቢምቢ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ለቅመን እንቆጥራለን። ከሰዓት ደግሞ ቦይና ኩሬ ዳር ቁጢጥ ብለን ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ውሃ እየቀዳን እጩን እንቆጥራለን። እጭ የሚባለው ገና ክንፍ ያላወጣው፣ ውሃው ላይ ተጋድሞ የሚተነፍሰው የቢምቢ ልጅ ነው። ልጅዎ ቡድን መሪ ነው፣ እኔ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። እሱ ይቀዳል፣ እኔ እቆጥራለሁ። የተጋባነውም በዚሁ ነው፤ ቁጥር አትሳሳትም ብሎ ወደደኝ።

ግድግዳ ላይ የሚረጨውን ዲዲቲ ቢምቢው እየለመደው መጣ። አፋሮቹ ደግሞ ቤታቸው የሰሌን ነው፣ የሚረጭ ግድግዳ የላቸውም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት እጩን ገና ውሃ ውስጥ እያለ የሚበላ ዓሣ እናርባ ተባለ። ፍልውሃው ዳር ባለው ረግረግ ውስጥ ጣት የማታህል ዓሣ አለች። እጭ ስታይ ጾም እንደፈታ ሰው ነው የምትሆነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በወንፊት ስናጠምዳት አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመሎቹን አቁሞ ብዙ አየንና ይቺን ለስንት ሰው ልታካፍሉ ነው ብሎ ሳቀብን። ልጅዎም አብሮት ሳቀ።

ከላብራቶሪው ጀርባ በሲሚንቶ ኩሬ ውስጥ የማረባቸው እኔ ነኝ። ልጃችን አዲስአለም ለሁሉም ስም አውጥታላቸዋለች። ወፍራሟን ውባንች ብላታለች፣ ውባንችዬ መቼም አትቀየሚም። አድገው ሲበዙ ልጅዎ ወደ ጥጥ ለቃሚዎቹ ሠፈር ኩሬዎች ይወስዳቸዋል። አምና በዚህ ወር በአሥር ጭልፋ ሃምሳና ስልሳ እጭ እንቆጥር ነበር። ዓሣው ከገባ በኋላ ሦስት፣ አንዳንዴም ምንም። ቁጥሩ መጀመሪያ የወረደ ቀን ከወገቡ በታች ጭቃ ተለውሶ እንደ ሕፃን ሲዘልል ቢያዩት ኖሮ በሥራው አይቀልዱበትም ነበር።

አሁን ወደ ጀሪካኑ ልምጣ። እየፈራሁ ነው የምዞረው እንጂ ጠፍቶኝ አይደለም።

እዚህ እርሻ ላይ የጥጥ ትል መድኃኒት የሚመጣው በጀሪካን ነው። ሲያልቅ ሰዉ ጀሪካኑን እየወሰደ፣ አጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። ልጅዎ ይህን ሲያይ እብድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሕግ አወጣ። የዓሣ ጀሪካኖች ስድስት ብቻ ናቸው፤ መድኃኒት ነክቷቸው አያውቅም። ለምልክት ከአሮጌ አንሶላችን የተቀደደ ነጭ ጨርቅ እጀታቸው ላይ ይታሰራል። የሚያስረው ወይ እሱ ነው ወይ እኔ። ነጭ ጨርቅ የሌለበት ጀሪካን ዓሣ አይነካም።

የአዲስ ዓመት ዕለት፣ እናንተ እዚያ አደይ አበባ ስትጎዘጉዙ፣ የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ሣህሌ መጣ። በማግስቱ ለአብዮት በዓል ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ስለ ዓሣው ሰምተዋልና እናሳያቸዋለን አለ። የለቃሚዎቹ ሠፈርም፣ የእንግዳ ማረፊያው ገንዳም ሳይቀር እስከ ምሽት ዓሣ ይግባበት፤ የጎደለ ካለ ያጎደለው ሰው ስም ይመዝገብ አለ። ሰው ሲመዘገብ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ልጅዎ አምስቱን ጀሪካን ይዞ ወደ ሠፈሩ ሄደ። የማረፊያውን ገንዳ ለእኔ ተወልኝ። ስድስተኛውን ጀሪካን ሳነሣው ሥሩ ተሰንጥቆ ውሃው ይንጠባጠባል።

እማማ፣ መናገር ነበረብኝ። ጀሪካን የለም፣ ነገ ይደርሳል ብል ምን ነበረበት? ልጅዎ ቢሆን ይል ነበር። እኔ ግን ጓድ ሣህሌ በመስኮቱ ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር ወደ ጥግ እሸሻለሁ። ስሜን ሲጽፍ ታየኝ። የእርሻው መጋዘን ክፍት ነበር፤ ገብቼ አንድ ባዶ ጀሪካን ወሰድሁ። በአመድ አጠብሁት፣ በሳሙና አጠብሁት፣ ሦስቴ አለቀለቅሁት። አሸተትሁት፤ ምንም አይሸትም። ሥሩን ግን ገልብጬ አላየሁም። ነጭ ጨርቅ ቀድጄ እጀታው ላይ አሰርሁ። በገዛ እጄ።

ዓሣዎቹ በመንገድ ላይ ዝም ዝም አሉብኝ። ሙቀቱ ነው አልሁ። ገንዳው ውስጥ ስደፋቸው ግማሾቹ ዋኙ፣ ግማሾቹ በጎናቸው ተንሳፈፉ። ሲያርፉ ይነሣሉ ብዬ ራሴን አሳመንሁና ጀሪካኑን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ሮጥሁ።

በማግስቱ እንግዶቹ ሊታጠቡ ሲሉ አስተናጋጁ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። የገንዳው ፊት በሞተ ዓሣ ነጭ ሆኗል። ውሃው ተመርዟል ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉንም በቅደም ተከተል አላስታውስም። ወታደሮች መጡ፣ እኛን አስጠሩን። አዲስአለም ቀሚሴን ይዛ ነበር። ማንም ሰው አልታመመም እማማ፤ አንድም ሰው። አንድ ዘበኛ አስመልሶታል አሉ፣ እሱም በበዓሉ ዋዜማ ብዙ ጠጥቶ ነው።

ልጅዎ ወደ ገንዳው ሄዶ ጎንበስ አለ። ጀሪካኑን አነሣ። ሥሩን ገለበጠው። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ምልክት ነበረበት። ከዚያ እጀታው ላይ ያለውን ጨርቅ አየ። እሱ አንድ ጊዜ ቋጥሮ የሚተው ሰው ነው። እኔ ይፈታል ብዬ ስለምፈራ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የምቋጥረው። ቋጠሮዬን አወቀው። ጀርባውን ሰጥቷቸው በጥርሱ ሲፈታው፣ ጨርቁን ኪሱ ሲከት እኔ ብቻ አየሁት። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ልጅቱን አየ። ከዚያ ወደ ጓድ ሣህሌ ዞረ።

«ጀሪካኑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለ።

እኔ የአዲስአለምን እጅ ይዤ እዚያው ቆምሁ።  ልጅዎ ረጋ ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ይህ ዓሣ ለመርዝ በጣም ስስ ነው፣ እሱን የሚገድል መጠን ሰውን ምንም አያደርግም፣ ስህተት ነው እንጂ ተንኮል የለበትም አላቸው። ጓድ ሣህሌ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ መጠኑን ያውቀዋል ብለህ ጻፍ አለ። እንደዚሁ ተጻፈ። አሻጥረኛ ተባለ። የአብዮቱን እንግዶች በመርዝ ሊጨርስ ነበር ተባለ። ሲወስዱት በአጠገቤ ሲያልፍ ዓሣዎቹን አደራ ብቻ ነው ያለኝ።

ሃያ ቀን ሙሉ ዝም አልሁ። የታሰረው እዚሁ እርሻው ጥግ ካለ መጋዘን ውስጥ ነው። ምሳ ስወስድለት ዘበኞቹ የመርዘኛ ሚስት ብለው አስቀድሜ ከምሳው አንድ ጉርሻ ፊታቸው ያስበሉኛል። እበላለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጉርሻዬን ውጬ፣ ጀሪካኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት አልቻልሁም። በሩ ድረስ ቃሉን እየተለማመድሁ እሄዳለሁ፤ ዘበኛው ምን ፈለግሽ ሲለኝ ሰሐን ልቀበል እላለሁ። ተመልሼ ስመጣ ራሴን እረግማለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግሁ እኔና መንገዱ ነን የምናውቀው።

ዓሣዎቹን ደግሞ መርዘኛ ናቸው ብለው ኩሬውን አስደፉት። ደረቅ መሬት ላይ ሲፈራገጡ አዲስአለም በስማቸው እየጠራች አለቀሰች። ሃያ የሚሆኑትን በቅምጫና ሰርቄ ጎረቤቴ ሰኢዳ ሻይ ቤት ጓሮ፣ የውሃ በርሜል ውስጥ ደብቄያቸዋለሁ። ከሠፈሩ ኩሬዎችም አስወጧቸው። ትናንት ማንም ሳያዘኝ ጭልፋዬን ይዤ ወርጄ ነበር። በአሥር ጭልፋ አርባ ሰባት እጭ ቆጠርሁ። ከወላይታና ከከምባታ የመጡት ለቃሚዎች በየድንኳናቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ማን ይቆጥርላቸዋል? ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፍሁት፤ ልጅዎ ሲመጣ ያየዋል።

ከትናንት በስቲያ የሚታጠብ ልብሱን ሰጡኝ። ሸሚዙን ሳሸው ኮሌታው ውስጥ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ስፈታው ያ ነጭ ጨርቅ ነው። ሊለኝ የፈለገው ገብቶኛል። አቃጥዪው፣ ዝም በዪ፣ ልጅቱን ያዢ ነው ያለኝ። ክብሪት ድረስ አንሥቼ ነበር። አላቃጠልሁትም። እዚህ፣ ከምጽፍበት ወረቀት አጠገብ ነው ያለው።

ትናንት ደግሞ ሰሐኑን ሲመልስልኝ ዘበኛው ከሐሙስ ወዲያ ምሳ አታምጪ አለኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፤ ወደ አዋሽ ይወሰዳል፣ ከዚያ በባቡር አለ። ቀጥሎም ልብሱን ውሰጂ፣ ይኸው ብሎ ጋቢውን ሰጠኝ። እማማ፣ በ1970 ጎረቤትዎ የሆነችውን ሴትዮ ዘበኞች ልብሱን ውሰጂ ያሏት ጊዜ ልጇ ምን ሆኖ እንደተገኘ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ጋቢውን እንደያዝሁ ፀሐይ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ወባ የያዘኝ መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው።

ሐሙስ ነገ ነው።

ለሰኢዳ ሁሉንም ነገርኋት። ከእርስዎ በፊት የሰማች እሷ ብቻ ናት፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ለማንም ሳልናገር ማደር አልቻልሁም። ወላሂ እሱንም አይለቁትም፣ አንቺንም ይጨምሩሻል፣ ተዪው፣ ለአላህ ስጪው ብላ እጄን ይዛ አለቀሰች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን እኔ ሰባት ዓመት ቁጥር ስጽፍ ኖሬ አንድም ቀን ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ልክ አይደለም፤ መታረም አለበት።

ይህን ደብዳቤና ልጅቱን የሚያደርስልዎት ጣሃ ይባላል፣ የሰኢዳ ወንድም ነው። ጭነት መኪና ይነዳል፤ በሚሌ በኩል ታጥፎ ደሴ ይወጣል፤ ዓርብ ሐይቅ ይደርሳል። ጥሩ ሰው ነው፣ አክስቷ ቤት የምትሄድ ልጅ ናት የያዝሁት ብሎ በየኬላው ያሳልፋታል። ደብዳቤውን ትራሷ ውስጥ እሰፋዋለሁ፤ እሱ ይነግራችኋል። ምሳውን አብልታችሁ ሸኙልኝ።

አዲስአለም ለምን እንደምትመጣ አታውቅም። አያቷ ዘንድ ትልቅ ሐይቅ አለ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ አለበት ብያታለሁ። እስካሁን ዓሣ ማለት ጣት የምታህል ይመስላታል፣ ስለዚህ አላመነችኝም፤ እንዲያሳዩአት ነው የምትጓጓው። ወተት አትወድም፣ ሽሮ ግን ትበላለች። ስትተኛ ጆሮዋን ካልነኩላት አትተኛም፤ የሚነካላት አባቷ ነበር። ሲያልባት ፈርተው አጎበሩን እንዳያነሡባት፣ አስለምጄያታለሁ። ትኩሳት ከያዛት ግን እንዳይዘገዩ፣ ከዚህ የወጣች ልጅ ናትና የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱልኝ።

እጇ ላይ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ያያሉ። ከሰኢዳ በርሜል ሁለት ዓሣ ካልያዝሁ አልሄድም ብላ ነው። ክዳኑን ቀዳድቼዋለሁ። አደራ ሐይቁ ውስጥ እንዳይጨመሩ፤ የሌላ ውሃ ልጆች ናቸው፣ የሐይቁን ነገር ያበላሻሉ። በእንስራ ያኑሯቸው። እናንተ አገር ብርድ ነው፣ አይበረቱም ይሆናል። ቢሞቱ መንገድ ደክሟቸው ነው በሏት። መርዝ የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አትስማ።

ልጅዎ ደጃፍዎ ቢደርስ ይቆጣል። ምን አደረገች ይላል። አብርዱልኝ። ትእዛዙን አልሰማሁም፣ እሱ ግን መዝገብ ሲያይ ቁጣው ይበርዳል፤ ጭልፋውን በሚያገኝበት ቦታ ነው ያስቀመጥሁት በሉልኝ። የቤታችን ቁልፍ ሰኢዳ ዘንድ ነው። የተረፉትን ዓሣዎች እሷ ታበላለች፤ ከመጠን በላይ እንዳትሰጣቸው አሳይቻታለሁ።

እኔ ነገ ቢሮ ሲከፈት ጓድ ሣህሌ ዘንድ ጉዳይ አለኝ። ከላይ የሚደረበውን ሹራብ አውጥቼያለሁ፤ ሙቀት ነው ያለው ነገር ግን አዳሩ የት እንደሚሆን አይታወቅም። ነጩን ጨርቅ ይዤ ነው የምሄደው፤ እንደገና ሁለት ጊዜ ቋጥሬዋለሁ፣ እንዲያዩት። በሩ ላይ እንደምፈራ አውቃለሁ። አሁንም ቁጭ ብዬ እየጻፍሁ እየፈራሁ ነው። እርስዎ ይህን በሚሰሙበት ሰዓት ሐሙስ አልፏል፤ ወይ ደርሻለሁ ወይ በሩ ላይ ሰሐን ልቀበል ብዬ ተመልሻለሁ። ተመልሼ ከሆነ ልጄን አይመልሱልኝ።

ያሉትን ቃል ይቅር ብዬዎታለሁ። እርስዎም ልጅዎን ሃያ ቀን ስላሳሰርሁት ይቅር ይበሉኝ። ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ አዝመራዎን ያስገባልዎ፣ ልጅዎን በደጃፍዎ ያሳይዎ። ለአዲስአለም ጆሮዋን ይንኩልኝ።

ጥላዋን የምትፈራው
ምራትዎ